ትርፉ ወይፈንና የተፈተነው በሬ

በምዕራብ ጎጃም ሚያዝያ አልቆ ግንቦት ሲገባ፣ የመጀመሪያውም ዝናም በጋ ያደረቀውን መሬት ማለስለስ ሲጀምር፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የከብት ተራ የሚታየው ግርግር ከሌላው ወራት ሁሉ ጠባዩ ይለያል፤ ለፋሲካ የሚታረደውን ሰንጋ ሲነዳ የከረመው ነጋዴ ፈቀቅ ብሎ ስፍራውን ለገበሬ ይለቃልና፣ ገበሬውም ከበሬው የሚፈልገው ሥጋውን ሳይሆን ጫንቃውን ነውና። በቆሎ የሚዘራው የጃቢ ጠህናንና የቡሬ አራሽ ማሳውን ደጋግሞ ማገላበጥ አለበት፤ ጤፍ የሚዘራውም እስከ ሐምሌ ድረስ አራትና አምስት ጊዜ እየተመላለሰ ማረስ ግዴታው ነው። ስለዚህ በሬው የሞተበት፣ ያረጀበት፣ ወይም አንድ ብቻ ቀርቶት በየዓመቱ ከጎረቤት ጋር መቀናጀት የሰለቸው ሰው፣ በበረቱ ያለውን ሀብት አማትሮ፣ ገና ቀንበር ያልነካቸውን ሁለት ወይፈኖች ከፊቱ አስቀድሞ ወደ ገበያ ይወርዳል።

እዚያ የሚደረገው ምርመራ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ገዢው አስቀድሞ የበሬውን ከንፈር ገልብጦ ጥርሱን ያያል፤ ቀጥሎም መዳፉን ከማጅራቱ ወደ ሻኛው እየሳበ፣ ቀንበር የሚያርፍበት ቆዳ ምን ያህል እንደ ደነደነ፣ የተሸፈነ ቁስልም ያለበት እንደ ሆነ ይዳስሳል፤ ኮቴውን ያነሣል፤ ወዲያና ወዲህ አስነድቶ አካሄዱን ይመለከታል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ባለቤቱን፣ በቀኝ ነው ወይስ በግራ የሚጠመደው፣ ትልም መካከል ይተኛል ወይ፣ ከባዕድ በሬ ጋር ሲያቀናጁት ይዋጋል ወይ እያለ ይመረምረዋል። ወይፈኖቹ ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ አይቀርብባቸውም፤ ያላረሰ ጫንቃ የሚመሰክረው ነገር የለውምና። የወይፈን ገዢ የሚያየው የእግሩን አጥንት ውፍረትና የደረቱን ስፋት ነው፤ የእናቱንም ዘር ይጠይቃል፤ ከዐባይ ማዶ ከወለጋ በኩል የመጣ የሆሮ ዝርያ ይሁን፣ ከጣና ዙሪያ የወረደ የፎገራ ደም ይኑርበት ለማወቅ ይሻል፤ የቀረውን ለእግዚአብሔርና ለጊዜ ይተወዋል። ደላላውም የሁለቱን ሰዎች እጅ ይዞ እያማታ፣ «አንተ ወይፈኖቹን ስጠው፣ እርሱ በሬውን ይልቀቅልህ፣ ከላይ ጥቂት ብር ጣል አድርግበት» እያለ ያግባባቸዋል።

ከሁለቱ ማንኛውም አልተታለለም። ወይፈን የወሰደው ሰው ገና ሁለትና ሦስት ዓመት ሣር ማጋጥ፣ ማኮላሸት፣ ቀንበር ማስለመድ ይጠብቀዋል፤ በዚህ መካከል ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ሊገድልበት፣ ገደል ሊሰብርበት፣ ወይም ደኅና አድጎ ሳለ ትልም ላይ ተዘርግቶ የሚተኛ ሀኬተኛ ሆኖ ሊገኝበት ይችላል፤ ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ እንኳ ቢቀናለት የብዙ ዓመት ጉልበት በርካሽ አገኘ ማለት ነው። በሬውን የወሰደው ደግሞ ያገኘውን ነገር ዛሬውኑ ያውቀዋል፤ ዕድሜው አጭር መሆኑንም እንደዚሁ፤ ሦስት አራት ክረምት አርሶበት፣ አድልቦ ለመስቀል ይሸጠዋል። የተለዋወጡት እንስሳ ይምሰል እንጂ ዘመን ነው፤ አንደኛው ዘንድሮን ገዛ፣ ሁለተኛው መጪውን።

ይህን የገበያ ሥርዓት ጠንቅቆ የሚያውቅ የዳሞት ገበሬ፣ በሰሜን አሜሪካ ቤዝቦል በሚባለው ጨዋታ ውስጥ በየዓመቱ፣ ይልቁንም በሐምሌ ወር፣ የሚካሄደውን የተጫዋቾች ልውውጥ ቢተርኩለት ብዙ የሚገረም አይመስለኝም፤ የሚገርመው እኛን፣ ስፖርት ማለት እግር ኳስና ሩጫ ብቻ የሚመስለንን የከተማ ሰዎች ነው። በዚያ ጨዋታ ለትልቁ ሜዳ ገና ያልበቁ ነገር ግን ብዙ ተስፋ የተጣለባቸው ወጣቶች፣ ከሚያስፈልጋቸው ቍጥር በላይ ያከማቸ ክለብ፣ ከመካከላቸው ሁለቱን ወይም ሦስቱን ለሌላ ክለብ አሳልፎ ሰጥቶ፣ በምትኩ በትልቁ ሊግ ለብዙ ዓመት የተፈተነ አንድ ሰው ይወስዳል። ገንዘብ የሚከፈለው ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ምንም አይከፈልም፤ ሰው በሰው ይለወጣል።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልግለጸው፤ ከእኛ የገና ጨዋታ ጋር ዱላና ኳስ ከመኖሩ በቀር ዝምድና የለውም። እያንዳንዱ ቡድን ዘጠኝ ሰው ያሰልፋል፤ ከአንዱ ወገን የቆመው ወርዋሪ ትንሽ ጠንካራ ኳስ በብርቱ ፍጥነት ይወረውራል፤ ከሌላው ወገን የቆመው መቺ በእንጨት ዱላ ሊመታት ይሞክራል፤ ቢቀናውም ቤዝ የሚባሉትን በአራት ማዕዘን የተቀመጡ ምዕራፎች ዞሮ ወደ ተነሣበት ሲመለስ ነጥብ ይቈጠርለታል። በትልቁ ሊግ 30 ክለቦች አሉ፤ እያንዳንዱም በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ ያደርጋል፤ ይህም በየቀኑ ሊባል በሚችል ሁኔታ መጫወት ማለት ነው። ለጨዋታ ዝግጁ ሆነው የሚመዘገቡት 26 ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ በአጠቃላይ መዝገብ ላይ የሚሰፍሩት ደግሞ 40 ናቸው። ከእነዚህ በታች፣ በአራት ደረጃ በተከፈሉ አነስተኛ ሊጎች ውስጥ፣ እያንዳንዱ ክለብ ከመቶ የሚበልጡ ወጣቶችን ያሳድጋል፤ የአገሩን ልጆች በየዓመቱ በሚደረገው የምልመላ ሥርዓት ይወስዳል፣ የዶሚኒካንንና የቬኔዝዌላን ልጆች ደግሞ ገና በ16 ዓመታቸው ያስፈርማል። ከእነዚህ መካከል ትልቁን ሜዳ የሚረግጡት ጥቂቶች ናቸው።

እንግዲህ ጥያቄው፣ ተስፋ ያለው ወጣት እንዴት «ትርፍ» ሊባል ቻለ የሚለው ነው። ወደ ቡሬ እንመለስ። ወይፈኖቹ ትርፍ የሆኑት ስለማይረቡ አይደለም፤ ግጦሽ ስለጠበበ ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ የብዙውን ገበሬ ይዞታ በጥቂት ጥማድ ከወሰነው ወዲህ፣ የወሉም ግጦሽ ከዓመት ወደ ዓመት በእርሻና በባሕር ዛፍ እየተገፋ በመሄዱ፣ አንድ ሰው ሁለት በሬ፣ አንዲት ላምና ሦስት ወይፈን በአንድነት መመገብ ይከብደዋል፤ ስለዚህ ከሦስቱ ሁለቱ፣ ምንም ያህል ያማሩ ቢሆኑ፣ ከበጋው ድርቆ ማለቅ በፊት ከበረት መውጣት አለባቸው። የአንዱ ትርፍ ለጎረቤቱ ትርፍ አይደለም፤ ሰፊ መስክ ያለው ሰው ዘንድ ያው ወይፈን ጥሪት ነው። ትርፍነት በእንስሳው ላይ የታተመ ጠባይ ሳይሆን፣ በእንስሳውና በመስኩ መካከል ያለ ዝምድና ነው።

በቤዝቦል መስኩን የሚያጠብበው መዝገቡ ነው። ከ18 ዓመቱ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ የፈረመ ወጣት አምስት የውድድር ዘመን፣ ከዚያ በላይ ሆኖ የፈረመው ደግሞ አራት ዘመን ከቈየ በኋላ፣ ክለቡ ከ40ዎቹ ውስጥ ካላስገባው፣ በታኅሣሥ ወር በሚደረግ ሥርዓት ሌላ ክለብ 100,000 ዶላር ከፍሎ ሊወስደው ይችላል፤ የወሰደውም ክለብ ዓመቱን ሙሉ ከ26ቱ መካከል እንዲያቈየው ይገደዳል። ወጣቶቹ በአንድ ዘመን ተኮትኵተው በአንድ ዘመን የደረሱለት ክለብ፣ ኅዳር ሲመጣ ከእነርሱ መካከል ለማን ስፍራ እንደሚሰጥና ማንን በዚህ ጥቂት ገንዘብ እንደሚያጣ ማሰብ ግድ ይሆንበታል። በጥቂት ገንዘብ ከማጣት ደግሞ መለወጥ ይሻላል። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይቀላል፤ በአንድ ቤዝ ላይ የሚቆመው አንድ ሰው ነው፤ ያ ስፍራ በታላቅ ተጫዋች ከተያዘ፣ ከሥሩ የሚያድገው ልጅ የቱንም ያህል ቢያበራ ጥላ ሥር ይቀራል።

ለዚህ ሁለተኛው ምክንያት ከቦስተን ሬድ ሶክስ የተሻለ ምስክር የለም። (በቤዝቦል ነገር የምጠቅሳቸው ዘመናትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በነሐሴ 1990 መጨረሻ ቦስተን የምድቡ መሪ ነበረ፤ ነገር ግን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ገብቶ ድሉን የሚጠብቅ ወርዋሪ አጥቶ ተጨነቀ። ሂዩስተን አስትሮስ ደግሞ ዓመቱ ከእጁ አምልጦ ስለ ነበር፣ የ37 ዓመት ሰው የሆነውን ልምድ ያለውን ወርዋሪ ላሪ አንደርሰንን ማቈየት ምንም አይጠቅመውም። ስለዚህ በነሐሴ 30 ቀን ተለዋወጡ፤ ቦስተን አንደርሰንን ወሰደ፣ ሂዩስተንም ጄፍ ባግዌል የሚባል፣ ከትልቁ ሊግ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ የሚጫወት የ22 ዓመት ወጣት ወሰደ።

ባግዌል በቦስተን ከተማ የተወለደ ልጅ ነው። የሚጫወተው በሦስተኛው ቤዝ ሲሆን፣ ያን ስፍራ በዚያን ጊዜ የያዘው አምስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ መቺ የሆነው ዌድ ቦግስ ነበረ፤ ከቦግስም በታች ለዚያው ስፍራ የሚጠባበቁ ሌሎች ወጣቶች ነበሩ። ባግዌል በዚያ ዓመት በደረጃው ሊግ ኮከብ ተብሎ ቢመረጥም፣ ኳሷን ከአጥር ውጭ ያሳለፈው አራት ጊዜ ብቻ ነበረና፣ የኀይለኛ መቺ ምልክት አልታየበትም። ከቦስተን ወገን ሆኖ ላየው ሰው ስሌቱ ንጹሕ ነው፤ ከሚያስፈልገኝ በላይ ያለኝን ሰጥቼ የሌለኝን ወሰድሁ። አንደርሰንም የተጠራበትን ሥራ ሠራ፤ በ15 ጨዋታ በ22 ዙር ውርወራ ውስጥ በእርሱ የተቈጠሩት ነጥቦች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ቦስተንም ምድቡን አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ኦክላንድ አራት ለባዶ ጠረገው፤ አንደርሰንም በዚያው ዓመት መጨረሻ ነፃ ወጥቶ ወደ ሳን ዲዬጎ ሄደ።

ሂዩስተን ግን ወጣቱን ከሦስተኛው ቤዝ አንሥቶ በመጀመሪያው አቆመው። በ1991 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች፣ በ1994 የሊጉ ኮከብ ሆነ፤ 15 ዓመት ሙሉ ከአንድ ክለብ ሳይወጣ፣ አራት ጊዜ ብቻ ከአጥር ያሳለፈው ልጅ 449 ጊዜ አሳልፎ፣ በ2017 በኩፐርስታውን ወዳለው የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ገባ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል የተባለው በቦስተን የደረሰውን ይመስላል፤ እኔ ግን ነገሩን ሳየው፣ የቦስተን ጥፋት ወርቁን መዳብ ማለቱ ላይ አይደለም። ጥፋቱ መስኩን በአንድ ስፍራ ብቻ መለካቱ ነው፤ በሦስተኛው ቤዝ ትርፍ የሆነው ሰው በመጀመሪያው ላይ ትርፍ ይሁን አይሁን አልተጠየቀም። የግራ በሬ ሞልቶናል ብሎ ወይፈኑን የሸጠ ገበሬ፣ ወይፈኑ በቀኝም ሊጠመድ እንደሚችል ቢያስብ ኖሮ፣ ገበያ ባልወረደ።

ዲትሮይት ታይገርስ ከዚያ ሦስት ዓመት አስቀድሞ ያደረገው ልውውጥ በአሜሪካ ከዚህ ይልቅ ይታወቃል፤ እኔ ግን የሚገባውን ያህል ፍትሕ አላገኘም እላለሁ። በነሐሴ 1987 ዲትሮይት የ20 ዓመት ወጣቱን ጆን ስሞልትዝን ለአትላንታ ሰጥቶ የ36 ዓመቱን ወርዋሪ ዶይል አሌክሳንደርን ወሰደ። አሌክሳንደርም ዘጠኝ አሸንፎ አንድም አልተሸነፈም፤ ዲትሮይት ቶሮንቶን በሁለት ጨዋታ ብቻ በልጦ ምድቡን ወሰደ። ያ ሰው ባይመጣ ኖሮ ያ ድል አይኖርም ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም። ስሞልትዝ ደግሞ በአትላንታ 20 ዓመት ያህል ቈይቶ ከዘመኑ ታላላቅ ወርዋሪዎች አንዱ ሆነ፤ በ2015ም የክብር አዳራሽ ገባ። ሰዎች ሁለተኛውን አስታውሰው የመጀመሪያውን ይረሳሉ። የዚያ ዓመት የዲትሮይት ተመልካች ግን በጥቅምት መጀመሪያ የተቀበለውን ደስታ፣ ከ20 ዓመት በኋላ የሚሆነው አላስቀረበትም።

ስለ ኤሳው የሚሰብኩ መምህራን፣ ብኵርናውን በምስር ወጥ የለወጠውን ሰው እንደ ሞኝ ያቀርቡታል፤ መጽሐፉም ብኵርናውን አቃለላት ብሎ ይወቅሰዋል። ለነፍስ ነገር ይህ ተግሣጽ ይገባል። ለእርሻና ለጨዋታ ግን ረኀብም የራሱ ወራት እንዳለው መርሳት አይገባም፤ ሐምሌ ላይ ማሳው ጾም ያደረበት ሰው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በሚደርስ ወይፈን አያርስም።

ልውውጡ ለሁለቱም ወገን መልካም ሆኖ የሚያልፍበት ጊዜም አለ። ቺካጎ ከብስ ከ1908 ወዲህ ዋንጫ ያላየ ክለብ ነበረ። በሐምሌ 2016 ዋንጫው በሚደርስበት ርቀት ላይ ሳለ፣ ኳስ በመወርወር ፍጥነቱ የሚታወቀውን ኩባዊውን አሮልዲስ ቻፕማንን ከኒው ዮርክ ያንኪስ ለመውሰድ፣ የ19 ዓመቱን የቬኔዝዌላ ልጅ ግሌይበር ቶሬስን ከሌሎች ሦስት ጋር ሰጠ። ቶሬስ የሚጫወትበትን ስፍራ በከብስ ውስጥ ሌሎች ወጣቶች አስቀድመው ይዘውት ነበር። በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ በሰባተኛውና በመጨረሻው ጨዋታ፣ ቻፕማን ራሱ ክሊቭላንድ አቻ የሆነበትን ምት ቢያስመታም፣ ከብስ በ10ኛው ዙር 8 ለ 7 አሸንፎ የ108 ዓመት ጥበቃ ፈጸመ። ቶሬስም በያንኪስ ዘንድ አድጎ በ2018ና በ2019 ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ። በዚህ ላይ ያንኪስ ያደረገውን ነገር የጎጃም ገበሬ ቢሰማ ሳይስቅ አይቀርም፤ ኮንትራቱ ያለቀውን ቻፕማንን በዚያው ዓመት በታኅሣሥ መልሶ አስፈረመው። በሬውን ለአንድ የእርሻ ወራት አውሶ፣ ወይፈኑን ተቀብሎ፣ በሬውንም፣ በውድ ዋጋ ቢሆንም፣ ወደ በረቱ መለሰው ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የእኔን ሐሳብ የሚስበው የሞንትሪያል ኤክስፖስ ነገር ነው። በ2002 ይህ የካናዳ ክለብ ባለቤት አልነበረውም፤ ሊጉ ራሱ ገዝቶ ይዞታል፤ ክለቡም በቅርቡ ይፈርሳል የሚለው ወሬ በየጋዜጣው ይነበባል። በሰኔ ወር ሥራ አስኪያጁ ኦማር ሚናያ ወርዋሪውን ባርቶሎ ኮሎንን ከክሊቭላንድ ለመውሰድ ክሊፍ ሊን፣ ብራንደን ፊሊፕስንና ግሬዲ ሳይዝሞርን፣ ሦስት ታላቅ ተስፋ የተጣለባቸውን ወጣቶች፣ አንድ ነባር ተጫዋች ጨምሮ ሰጠ። ሦስቱም ኋላ ታላላቅ ሆኑ፤ ሊ በ2008 የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ተብሎ ተሸለመ። ኮሎን በሞንትሪያል 10 አሸንፎ 4 ብቻ ቢሸነፍም ክለቡ ወደ ፍጻሜው ዙር አልደረሰም፤ በ2005ም ወደ ዋሽንግተን ተዛወረ። ይህን ልውውጥ ብዙ ሰዎች እንደ እብደት ያዩታል። እኔ ግን በውስጡ ሕመም ያለበት ብልኀት አይበታለሁ፤ ነገ መኖሩን የማያውቅ ሰው ወይፈን የሚያሳድገው ለማን ነው? ከአገር ሊወጣ የተቃረበ ወይም ይዞታው በሽግሽግ ሊወሰድበት መሆኑን የሰማ ገበሬ፣ በበረቱ ያለውን ታዳጊ ከብት ሁሉ ለመሸጥ ገበያ ሲወርድ፣ ደላላው ፊቱን አይቶ ዋጋ ያወርድበታል። ትርፍን የሚፈጥረው የመስክ ጥበት ብቻ እንዳልሆነ የሞንትሪያል ታሪክ ያስረዳል፤ የዘመን ጥበትም ይፈጥረዋል።

በዚህ ስፍራ ምሳሌዬን ማቆም ይገባኛል፤ ሰው በሬ አይደለምና። ወይፈን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲነዳ አይጠየቅም፤ ቤዝቦልም ለብዙ ዘመን ተጫዋቹን አይጠይቅም ነበር። በጥቅምት 1969 ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ለ12 ዓመት ያገለገለውን ከርት ፍላድን ወደ ፊላዴልፊያ ሲለውጠው፣ ይህ ጥቁር አሜሪካዊ አልሄድም አለ፤ በዚያው ዓመት በገና ዋዜማ ለሊጉ የበላይ ኀላፊ ለቦዊ ኩን በጻፈው ደብዳቤ፣ የሚገዛና የሚሸጥ ንብረት መባልን እንደማይቀበል አሳወቀ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1972 በአምስት ድምፅ ለሦስት ተፈረደበት፤ የጨዋታ ዘመኑም ከፍርዱ አስቀድሞ አልቆ ነበር። በ1975 መጨረሻ ግን አንድ ገላጋይ ዳኛ በሌሎች ሁለት ተጫዋቾች ነገር ላይ ባስተላለፈው ብያኔ የነፃነቱ በር ተከፈተ። ዛሬ ስድስት የአገልግሎት ዓመት የፈጸመ ተጫዋች ነፃ ይወጣል፤ 10 ዓመት በትልቁ ሊግ፣ ከእነዚህም የመጨረሻውን 5 ዓመት በአንድ ክለብ ያገለገለም ካልፈቀደ አይለወጥም። ታዳጊዎቹ ግን ዛሬም ይህ መብት የላቸውም፤ ወጣቱ በሌሊት ስልክ ይደወልለታል፣ በማግስቱ ሌላ ከተማ ነው።

በእኛ አገር ጨዋታ ሰው በሰው የመለወጥ ልማድ የለም። እግር ኳስ በአብዛኛው ዓለም የሚሠራው በኮንትራትና በገንዘብ ነው፤ ተጫዋቹም ሳይፈርም ወደ የትም አይሄድም፤ በዚህ በኩል ከቤዝቦል ይልቅ የሰውን ክብር ይጠብቃል ብዬ እፈርዳለሁ። ነገር ግን ወይፈኑን ያሳደገው መስክ ምን ያገኛል የሚለው ጥያቄ በእኛም ዘንድ አለ። በምዕራብ ጎጃም በየትምህርት ቤቱና በየወረዳው ቡድን የሚጫወት ልጅ ጥሩ ሆኖ ሲገኝ፣ መንገዱ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም አልፎ ወደ አዲስ አበባ ነው፤ ባሕር ዳር ከተማ በ2011 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ከገባ፣ ፋሲል ከነማም በ2013 ዓ.ም. ዋንጫውን ካነሣ ወዲህ፣ ይህ መንገድ ከፊት ይልቅ አጭር ሆኗል። ልጁ ሲሄድ ግን ለትንሹ ቡድን በምትኩ አንጋፋ ተጫዋች አይመጣለትም፤ የሚከፈለውም ገንዘብ እምብዛም ነው። በአሜሪካ ትንሹ ክለብ የትልቁ አካል ስለ ሆነ ልጁ ሲለወጥ የሚመጣው ዋጋ እዚያው በቤቱ ይቀራል፤ በእኛ ዘንድ የወረዳው ቡድን ብቻውን የቆመ ነው፤ ልጁን ያለማመደው መምህር፣ ማልያውን የገዛው ነጋዴ፣ በቅዳሜ ከሰዓት ሜዳውን ያጸዱት ወጣቶች፣ የልጁ ስም በሬዲዮ ሲጠራ ከመስማት በቀር የሚመለስላቸው ነገር የለም።

ይህ የሚለወጥበት አንድ በር ግን አለ፤ እርሱም ልጁ ከአገር ሲወጣ የሚከፈተው ነው። ጌታነህ ከበደ በ2005 ዓ.ም. ከደደቢት ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ፣ አቡበከር ናስር በ2014 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ እንደ ተዛወሩ፣ ሌሎችም ይከተላሉ። በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን በፊፋ ደንብ፣ ኮንትራት ያለው ተጫዋች በዋጋ ከአገር ወደ አገር ሲዛወር፣ ከዝውውሩ ዋጋ ከመቶ 5 ተነሥቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከዚህ ከተነሣው ገንዘብ ላይ፣ ከ12 እስከ 15 ላሉት አራት ዓመታት ለእያንዳንዱ ከመቶ 5፣ ከ16 እስከ 23 ላሉት ደግሞ ለእያንዳንዱ ከመቶ 10 ይታሰባል። ክፍያውን ለባለ መብቱ የሚያደርሰው ፓሪስ የሚገኝ የፊፋ የሒሳብ ማጣሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። አንድ ተጫዋች በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢዛወር፣ ለአሳዳጊዎች የሚነሣው 50,000 ዶላር ነው፤ በእነዚያ በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት የያዘው ቡድን ድርሻ 10,000 ዶላር ይሆናል። ይህ ገንዘብ የሚሄደው ግን ልጁ በየዓመቱ በየትኛው ክለብ ስም በፌዴሬሽን ተመዝግቦ እንደ ነበር በሚያሳየው መዝገብ ነው። ስለዚህ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ የ12 ዓመት ልጅ የሚያሠለጥን ሰው፣ ከኳሱና ከመረቡ አስቀድሞ፣ የልጁን የልደት ማስረጃና የምዝገባ ቅጽ አሟልቶ፣ ማኅተም አስደርጎ፣ አንዱን ቅጂ በቡድኑ ሣጥን ውስጥ ቈልፎ ቢያስቀምጥ ይበጀዋል።